እየቃኙ ነው ወይስ ጀመሩ?

ካዛንቺስ ከመልሶ ማልማቱ በፊት የአዝማሪ ቤቶች ሰፈር ነበር። ከእነዚያ ሁሉ ስሙ ባሕር ተሻግሮ የተሰማው ፈንድቃ ነው፤ ውዝዋዜ ተጫዋቹ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው። ቤቱ ትንሽ የሥዕል ጋለሪም ነበረው። በ2017 ዓ.ም. የሰፈሩ ቤቶች ሲነሡ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። ከዚያ በፊት እናቴንና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄን ይዤ ያመሸሁበትን አንድ ምሽት ላጫውታችሁ።

የሄድነው በልጄ ጉትጎታ ነው። ክራር ትማራለች፤ ቀድሞ ያልተጠና፣ እዚያው የሚፈጠር ሙዚቃ እንደሚጫወቱ ሰምታ ነበር። እናቴ ግን ነገሩ አልገባትም። "ካልተዘጋጁ ለምን ይጠሩናል?" አለች፤ ነጠላዋን እያጣፋች።

መድረክ የሚባል ነገር የለም። በርጩማ ላይ ተቀመጥን፤ ተጫዋቾቹ ከጉልበታችን ሁለት ክንድ ቢርቁ ነው። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮና ሳክስፎን ይዘዋል። ባለማሲንቆው ደጋኑን ከጭራው ይልቅ ቆዳው ላይ ያሻሸዋል፤ ከበሮ መቺው በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አባዬ፣ እየቃኙ ነው ወይስ ጀመሩ?" አለችኝ። ጀምረው ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ነገሩ መልክ ያዘ። አንዱ ድምፅ ይጥላል፣ ሌላው ያነሣል፣ ሦስተኛው ያጣምመዋል። ልጄ በጣቷ እየቆጠረች "ባቲ... አይ፣ ወጡ!" ትላለች። ከአራቱ ቅኝቶች በአንዱ ይገቡና ሳይቆዩ ጥለውት ይሄዳሉ። ለእኛ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። አዝማሪ ፊቱ የተቀመጠውን ሰው አይቶ ግጥም ያወጣል፤ የቅኔ ተማሪም የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢያቀርብ የሚቀበለው የለም።

ከዚያ ሳክስፎኑ አገሣ። እናቴ ቀና አለች። "ይኼማ ሽለላ ነው!"

አልተሳሳተችም። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ የፓንክ ባንድ ጋር ተጫውቷል፤ አብረው የሠሩት "ሞአ አንበሳ" በ2006 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላም መንገዱን የተከተሉ ሳክስፎን ነፊዎች አሉ።

በእረፍቱ ሰዓት እናቴ ስለ አባቷ አወራች። ሠርግ ላይ ሲሸልል ድምፁ እንደዚያ ሳክስፎን ይሰነጠቅ ነበር አለች። አያቴ ሸላይ እንደነበር እኔ ጭምር ያን ቀን ሰማሁ። "ምን እያለ ነበር የሚሸልለው፣ እማማ?" አለቻት ልጄ። እናቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቃሉ ጠፍቶባታል፤ የቀራት ዜማው ብቻ ነው። እሱን በአፍንጫዋ አንጎራጎረችልን።

በማግስቱ ልጄ ያንን ዜማ በክራሯ ስትፈልገው ዋለች። አያቷ ከማድ ቤት ሆና "ከፍ አድርጊው፣ አሁን ደግሞ ልቀቂው" ትላታለች። ልክ መሆኑን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

በከተማችን እንዲህ ያለ ምሽት አለ ሲባል ከሰማችሁ ልጆቹን ብቻ አትላኩ፤ አያቶቹንም ይዛችሁ ሂዱ። ዘፈኑን አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም እኩል ያዳምጣል። ድምፅ ማጉያው ጆሮ የማይበሳበት ጠባብ ክፍል ምረጡ፤ ከፊት ተቀመጡ። ልጅ ከሰለቸው በእረፍቱ መውጣት ነውር አይደለም። ከመውጣታችሁ በፊት ግን አያቶቹን ምን እንዳስታወሳቸው ጠይቋቸው።