ትራጀዲ በጠራራ ፀሐይ

የሰፈር አማተር ቡድን «ሐምሌት»ን ሜዳ ላይ ሊያሳይ ሲነሳ «ያለ መብራትና ያለ መጋረጃ ምኑን ትራጀዲ ሆነ?» ባይ አይጠፋም። ይህ አስተያየት የትራጀዲን አመጣጥ የዘነጋ ይመስለኛል። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስ ሥራዎች አቴና ላይ የታዩት ኮረብታ ተደግፎ በተሠራው ጣሪያ አልባው የዲዮኒሶስ ቲያትር፣ በቀን ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1599 ለንደን ላይ የተሠራው፣ «ሐምሌት» የታየበት ግሎብ ቲያትርም መሃሉ ለሰማይ ክፍት ነበር፤ የሚታየውም ከሰዓት በኋላ። «ሐምሌት» ግን በእኩለ ሌሊት፣ በዘብ ፈረቃ ይጀምራል። ያን ጨለማ የሚፈጥረው የጠባቂዎቹ ንግግር ነው፦ ተያይተው መለየት ስላልቻሉ ማንነታቸውን ይጠያየቃሉ፣ ሰዓቱን ይጠራሉ፣ ብርዱን ያማርራሉ። ግሪኮቹ ዘንድም የሶፎክልስ ንጉሥ ኤዲፐስ ዓይኑን የሚያጠፋው ከመድረክ ውጭ ነው፤ እኛ የምንሰማው ከመልእክተኛ አፍ ነው። ገንዘብ የሌለው ቡድን የሚጎድለውን ደራሲዎቹ ቀድመው በቃል ሞልተውታል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የድምፅ ነው። ነፋስ ቃል ይወስዳል፤ ያልሠለጠነ ተዋናይ ደግሞ ልሰማ ብሎ ሲጮኽ ሐዘኑ ቁጣ ይሆንበታል። እውነት ነው። መፍትሔው ግን ተመልካቹን አቅርቦ በግማሽ ክብ ማስቀመጥና ጽሑፉን ማሳጠር ነው። ሙሉው «ሐምሌት» አራት ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ማሳጠሩ ነውር የለውም (በሙያተኞቹም ዘንድ የተለመደ ነው)። ዝናቡስ? በእንግሊዝ ኮርንዎል፣ አትላንቲክ አፋፍ ላይ ያለው ሚናክ ቲያትር እ.ኤ.አ. በ1932 በአካባቢው አማተሮች ተጀምሮ እስከ ዛሬ ከነዝናቡ ከነነፋሱ ይሠራል። የእኛ ክረምት እንኳ ለዚህ አይመችም፤ ከጥቅምት ወዲያ ግን ሰማዩ ክፍት ነው። ጽሑፍም አልጠፋም፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንም «ሐምሌት»ንም በአማርኛ ትተውልናል። የቲያትር ክበብ ያላችሁ፣ አዳራሽ እስኪገኝ አትጠብቁ።