ከአሞራ ገደል ዳርቻ፦ ሩቁን ለማቅረብ፣ ትንሹን ለማጉላት

ሐዋሳን ለማየት የተነሣ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ በኩል 275 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ይኖርበታል። ለሠራተኛ ቤተሰብ ይህ በየሳምንቱ የሚደረግ ጉዞ አይደለም። የመጓጓዣውና የአልጋው ወጪ ተቆጥቦ፣ የልጆች ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ተጠብቆ በዓመት አንድ ጊዜ ቢሳካ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ውድ አንባቢ፣ ይህን ያህል ተደክሞበት የተደረሰበት ሐይቅ ቤት ገብተው ፎቶግራፉን ሲመለከቱት ወፉ እንደ ትንኝ፣ አበባው እንደ ነጠብጣብ ሆኖ ቢያገኙት ቅር ማሰኘቱ አይቀርም። ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው የሚሸጡ ተጨማሪ ሌንሶች አሉ። ምን እንደሚሠሩና ምን እንደማይሠሩ በሐይቁ ዳር እየተዘዋወርን እንመልከት።

አሞራ ገደል የሚባለው የዓሣ ገበያ የሚደምቀው በማለዳ ነው። በውኃው ውስጥ ያደረው መረብ ተጎትቶ ጀልባዎቹ ዳር ሲደርሱ ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ እየተለየ ይወርዳል። ዓሣው እዚያው ሲበለት ማራቡ የሚባለው ትልቅ ወፍ ትርፍራፊውን ለመቀራመት ይሰበሰባል። ራሱ ራሰ በራ፣ ጉሮሮው ቀላ ያለ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ቁመቱ ከአምስት ዓመት ሕፃን የማያንስ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር የሚበልጥ ፍጡር ነው። ልጆች ያዩት እንደሆነ ሮጠው ሊጠጉት ይሻሉ። እናትም ፎቶግራፉ ጎልቶ እንዲወጣ ስትል «ትንሽ ጠጋ በል» ትላለች። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። የማራቡ ምንቃር ረጅምና ብርቱ ነው፤ ወፉም ምግቡን ሲሻማ ሰው አይመርጥም። በዛፎቹ ላይ የሚዘሉት ጦጣዎችም ቢሆኑ ከልጅ እጅ ሙዝ ሲነጥቁ ሊቧጭሩና ሊነክሱ ይችላሉ። ስለሆነም ልጁን ወደ አውሬው ከማስጠጋት ምስሉን ወደራስ ማቅረብ ይመረጣል። የቴሌፎቶ ሌንስ ጥቅሙ ይህ ነው።

በመሠረቱ ትንሿ ዲጂታል ካሜራ ሌንሷ ከአካሏ ጋር የተሠራ ስለሆነ እንደ ባለሙያዎቹ ካሜራ ተፈትቶ በሌላ አይለወጥም። ተጨማሪው ሌንስ የሚገጠመው ከፊት ለፊት፣ በነባሩ ሌንስ ላይ ተደርቦ ነው። ቴሌፎቶው የሚሠራው ልክ እንደ አቅራቢ መነፅር አንዱ ዓይን ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በላዩ ላይ 1.5፣ 1.7 ወይም 2 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። ይህም ምስሉን ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ያመለክታል። ባለ 2 እጥፍ ሌንስ ቢገጥሙ በ20 ሜትር ርቀት ላይ የቆመው ማራቡ በ10 ሜትር ላይ ሆነው ያነሡትን ያህል ጎልቶ ይወጣል።

ሆኖም አንድ ደንብ አለ። ሌንሱ ከተገጠመ በኋላ የካሜራውን ዙም እስከ መጨረሻው ወደፊት መግፋት ያስፈልጋል። ዙሙ ወደኋላ ከተመለሰ የምስሉ አራት ማዕዘኖች ይጨልማሉ፤ በቧንቧ ውስጥ አጮልቀው ያዩ ይመስላል። ይህን የማያውቅ ገዢ ሌንሱ የተበላሸ መስሎት ይናደዳል። በሌላ በኩል ሻጩ «ካሜራዋ ራሷ ብዙ እጥፍ ታቀርባለች» ቢልዎት ዲጂታል ዙም ማለቱ እንደሆነ ይጠይቁት። ዲጂታል ዙም የምስሉን መካከል ቆርጦ ከማስፋት ያለፈ ሥራ የለውም፤ አዲስ ነገር አያሳይም።

ሩቁ ሲቀርብ የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። ለምሳሌ የካሜራዋ የመጨረሻ ዙም በቀድሞው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ልክ 105 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ባለ 2 እጥፉ ሌንስ 210 ያደርሰዋል። እንዲህ ሲሆን ምስሉ እንዳይደበዝዝ መዝጊያው ቢያንስ በ1/200 ሴኮንድ ፍጥነት ቢሠራ ይመረጣል። ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት ይህ ቀላል ነው። በዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ጉሬዛ ለማንሣት ሲፈልጉ ግን ክንድዎን ከጎንዎ አጣብቀው ግንድ ይደገፉ፤ ወይም ካሜራውን በአጥር ላይ አኑረው በራሱ ጊዜ እንዲያነሣ የ2 ሴኮንድ ቀጠሮ ይስጡት።

ከገበያው ጥቂት ራመድ ብለው በውኃው ዳር ያለውን ቄጠማ ይመልከቱ። እዚህ ደግሞ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። የሚፈለገው ነገር ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ነው። በቅጠል ላይ ያረፈች ቢራቢሮ፣ የቆሮሶ ቅርፊት፣ ዓሣ አጥማጁ በጣቱ የሚያጠብቀው የመረብ ቋጠሮ፣ ሁሉም የሚያምሩት በቅርብ ሲታዩ ነው። ካሜራዋን በጣም ብናስጠጋት ደግሞ ምስሉ ይደበዝዛል። ማክሮ የሚባለው ተጨማሪ ሌንስ ለዚህ የሚረዳ ሲሆን፣ ሥራውም አያቶቻችን መጽሐፍ ለማንበብ ከሚያደርጉት መነፅር ጋር አንድ ነው። ኃይሉም እንደ መነፅሩ በዲዮፕተር ይለካል፤ +1፣ +2፣ +4፣ +10 እየተባለ ይሸጣል።

ቁጥሩ የሚነግረን የርቀቱን ልክ ነው። ካሜራው ሩቅ ለማየት እንደተስተካከለ አንድ ሜትርን ለዲዮፕተሩ ሲያካፍሉ ምስሉ የሚጠራበትን ርቀት ያገኙታል። +2 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ +4 በ25 ሳንቲ ሜትር፣ +10 በ10 ሳንቲ ሜትር ላይ ያሳያል ማለት ነው። ሁለቱን ቢደርቡ ኃይላቸው ይደመራል፤ +2 እና +4 አንድ ላይ +6 ሆነው ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ያስጠጋሉ። ይሁን እንጂ በተደረበ ቁጥር የምስሉ ዳር ይደበዝዛል፤ በነገሩ ዙሪያም የቀስተ ደመና ቀለም ይታያል። ከሁለት መስተዋት ተጣብቆ የተሠራው ዓይነት ይህን ጉድለት ስለሚቀንስ ዋጋው ከፍ ይላል። በቅርብ ሲያነሡ ጠርቶ የሚታየው ስፋት እጅግ ጠባብ መሆኑንም አይዘንጉ። የቢራቢሮዋ ዓይን ሲጠራ ክንፏ ሊደበዝዝ ይችላል። ክንፏ ከካሜራው ፊት ለፊት ዝርግ ሆኖ እንዲታይ ጎን ለጎን መቆም ይረዳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጉዳይ እንምጣ። ሌንስ ከመግዛትዎ በፊት ካሜራዎ መግጠሚያ እንዳለው ይመርምሩ። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣችው ኒኮን ኩልፒክስ 950 በሌንሷ ዙሪያ የ28 ሚሊ ሜትር ጥርስ ስለነበራት ተጨማሪው ሌንስ በቀጥታ ይጠመዘዝባት ነበር። ብዙዎቹ ትናንሽ ካሜራዎች ግን ሲበሩ ሌንሳቸው ወደፊት ይወጣል፤ ሲጠፉ ይገባል። በዚህ ተንቀሳቃሽ ሌንስ ላይ ክብደት ማንጠልጠል በውስጡ ያለውን ትንሽ ሞተር ይጎዳል። ስለዚህ በካሜራው አካል ላይ የሚያርፍና ክብደቱን የሚሸከም ቧንቧ መሰል መግጠሚያ ያስፈልጋል። ለካሜራዎ እንዲህ ያለ መግጠሚያ ካልተሠራለት ሌንሱ ምንም ያህል ቢረክስ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ምን ልላክልሽ?» ቢል የካሜራውን ስምና ቁጥር ከነመግጠሚያው ልክ ጽፈው ይስጡት። ልኩ በሰያፍ መስመር ከተቆረጠ ክብ ምልክት አጠገብ እንደ 52 ወይም 58 ባለ ቁጥር በሚሊ ሜትር ይጻፋል። የሌንሱና የመግጠሚያው ልክ ሳይገናኝ ቢቀር አሸጋጋሪ ቀለበት ይገኛል። እንዲሁም ቧንቧው ለፍላሹ ብርሃን ጥላ እንደሚሆንበት፣ በትንሿ የማያ ቀዳዳ የሚታየውም ከሚነሣው ምስል ጋር እንደማይገጥም ይወቁ። ፍላሹን አጥፍተው በኋላ ባለው መስኮት እያዩ ማንሣት ነው።

ዛሬ የብዙዎቻችን ካሜራ የእጅ ስልካችን ነው። ለስልክም በመቆንጠጫ የሚያዙ ቴሌፎቶና ማክሮ ሌንሶች አሉ። ስልክዎ ሁለት ወይም ሦስት ዓይን ካለው ግን የትኛው እየሠራ እንደሆነ በጣትዎ አንድ በአንድ እየሸፈኑ ይለዩ። መቆንጠጫው በማይሠራው ዓይን ላይ ቢያርፍ ምንም ለውጥ አያዩም። አንዳንድ ስልክ ደግሞ ዙም ሲደረግ ወይም ሲጠጉት ራሱ ወደ ሌላው ዓይን ይሻገራል።

ሻጩ ከፈቀደልዎ ቀላል ፈተና አለ። ይህን ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው አንድ ጊዜ ያለ ተጨማሪው ሌንስ፣ አንድ ጊዜ ከሌንሱ ጋር ያንሡት። ከዚያም የመጀመሪያውን ምስል ቆርጠው በማስፋት ከሁለተኛው ጋር ያስተያዩ። በሌንሱ የተነሣው ፊደል ከመካከል እስከ ጠርዝ ይበልጥ ተነባቢ ካልሆነ ያ ሌንስ ለቤትዎ አይረባም።

ሌንሱን የያዘ ሰው ግዴታም አለበት። ጉዱማሌ በተባለው የሐይቁ ዳር ሜዳ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፍቼ ጨምበላላን ያከብራል። ይህ በዓል በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከሕዝቡ ኋላ ሆኖ ጭፈራውን ለማንሣት ቴሌፎቶ ይመቻል። ነገር ግን ሩቅ መቆም ፈቃድ ከመጠየቅ ነፃ አያወጣም። የሽማግሌውን ፊት፣ መረብ የሚጠግነውን ዓሣ አጥማጅ ወይም ልጇን የምታጠባ እናትን ከማንሣትዎ በፊት በምልክትም ቢሆን ያስፈቅዱ። በእርስዎ ልጅ ላይ የማይወዱትን በሌላው ላይ አያድርጉት። ማክሮውም ሌንስ ቢሆን የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ደረቅ ሣር ሊያቃጥል ስለሚችል ለሕፃን መጫወቻ አይስጡት፤ ፀሐይ ላይም ክፍቱን አይተዉት።

ከሐዋሳ ሲመለሱ ሌንሱን በመሳቢያ አይቆልፉበት። በብዙ ቤት ውስጥ በሞት የተለየ አባት ወይም አያት የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እሱም ጠርዙ ተበልቶ፣ መልኩ እየደበዘዘ ይሄዳል። እኅትማማች «ለኔ ይገባል» ሲባባሉበትም እናያለን። ይህን ፎቶግራፍ በ+2 ማክሮ ሌንስ መገልበጥ ይቻላል። ፎቶግራፉን ከመስኮት ጎን ባለ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ካሜራውን በ50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ትይዩ አድርገው ያስደግፉት። ዙሙን እስከ 105 ቢያደርሱት ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ሞልቶ ይታያል፤ የፖስታ ካርድ መጠን ላለው ፎቶግራፍ ይበቃል። ፍላሹ ነጸብራቅ ስለሚፈጥር ያጥፉት። የ2 ሴኮንዱን ቀጠሮ ሰጥተው እጅዎን ያንሡ።

የተገለበጠውን ምስል አሳትመው ለእያንዳንዱ ወንድምና እኅት አንዳንድ ያድሉ፤ በጀርባውም የሰውየውን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ይጻፉበት። ዋናው ፎቶግራፍ የማን ይሁን የሚለው ክርክር ያን ጊዜ ይበርዳል፤ የልጅ ልጆችም አያታቸውን በመልኩ ያውቁታል።