የስድስት ኪሎ አንበሶች

ዛሬ በታክሲ ወደ ስድስት ኪሎ ስንቃረብ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ እናቷን «አንበሳ ግቢ የማን ነው?» አለቻት። እናትየው «የጃንሆይ ነበር» ብላ መለሰችላት።

እውነቷን ነው። ግቢውን እ.ኤ.አ. በ1948 የመሠረቱት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ለሚባል ንጉሥ አንበሳ የዙፋኑ ምልክት ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ ግን አንበሶቹ ራሳቸው ናቸው። የወንዶቹን ጎፈር ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ጠቆር ያለ ነው፤ ደረታቸውን አልፎ እስከ ሆዳቸው ይወርዳል።

እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ዘረመል መርምሮ፣ ናሙናቸው ከተወሰደ ሌሎች አንበሶች የተለዩ ሆነው አገኛቸው። ተመራማሪዎቹም በአስቸኳይ በእንክብካቤ እንዲዋለዱና ዘራቸው እንዲጠበቅ መከሩ።

ለክብር ተብሎ የተሰበሰበ መንጋ ለካ የዘር ቅርስ ሆኖ ኖሯል!

ታዲያ ለእነዚህ አንበሶች የሚገባው ጠባብ አጥር ነው? ለእኔ አይደለም። ሰፊ ቦታና በእውቀት የሚመራ እንክብካቤ ይገባቸዋል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በልጅነታችሁ እዚያ የተነሣችሁት ፎቶ ካለ እስቲ አጋሩን፤ ልጆቻችሁንም ስትወስዱ ይህን ታሪክ ንገሯቸው።