ጀልባና የሚኒሶታ ብርድ
እዚህ ሚኒሶታ ጥቅምት ሲገባ ጀልባዎች ከሐይቁ እየወጡ ተጎታች ላይ ይጫናሉ። ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ለመሸፈኛው ሸራ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ጣጣው ያለው ሞተሩ ውስጥ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ሞተሩ ውስጥ ተደብቆ የቀረ ውኃ ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውኃውን ጥርግ አድርጎ ማፍሰስ፣ ከዚያ ለጀልባ የተሠራውን አንቱፍሪዝ ማስገባት። የመኪናውን ተዉት፤ መርዝ ነው፣ ሐይቁ ደግሞ የጋራችን።

ቤንዚኑስ? ውኃውን ከማፍሰሳችሁ በፊት፣ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፈሳሽ ጨምራችሁ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሠሩት። ባትሪው ተፈትቶ ቤት ይግባ።

ሸራውን ግን አየር እስኪያጣ አትጠርቅሙት፤ ይሻግታል። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያላቸው ሰዎች ከውኃ ባወጧት ቁጥር ፀሐይ ላይ ያደርቋታል። እኛ ጀልባችን ፋይበርግላስ ስለሆነ ብቻ እርጥበት የማይነካው ይመስለናል።

የጀልባዋ አፍንጫ ከፍ፣ ኋላዋ ዝቅ ይበል፤ የቀለጠው በረዶ እንዲወርድ የታችኛው ውታፍ ይነቀል። የነቀላችሁትን ውታፍ መሪው ላይ እሰሩት። ግንቦት ላይ ውታፉን ረስቶ ጀልባዋን አውርዶ «ውኃ ገባ!» እያለ የሚጮህ ሰው መቼም አይጠፋም።