ከዓባይ ድልድይ ማዶ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያሻግረው አሮጌው የዓባይ ድልድይ ጠባብ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ባለ 380 ሜትር ድልድይ እስኪሠራ ድረስ እግረኛው፣ ብስክሌተኛው፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው እየተጋፉ የሚያልፉት በእሱ ላይ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እኛ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳ ግቢ ተማሪዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ ያን ሁሉ ግፊያ ችለን የምንሻገረው ወደ ሰማዕታት ሐውልት ለመድረስ ነበር።

ሐውልቱ ደርግን ሲታገሉ ለወደቁት የቆመ መታሰቢያ ነው። የከተማው ሰው ግን መዝናኛውም፣ መደገሻውም አድርጎት ነበር። ሙሽሮች በመኪና ጥሩምባ ታጅበው ይመጣሉ። የአንዱ ሰርግ አጃቢ ሳይወጣ የሌላው ይደርስና ሚዜዎቹ ተቀላቅለው እስክስታ ይወርዳሉ። በምርቃት ሰሞን ከገጠር የመጡ አባቶች ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጋዋን ከለበሰ ልጃቸው ጎን ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ስልክ ሁሉ ካሜራ አልሆነም ነበርና የቦታው ጌቶች ፎቶ አንሺዎቹ ነበሩ። ቀብድ ተቀብለው ያነሱንና ፎቶውን አሳጥበው ግቢው በር ድረስ ያመጡልናል። እኛም ቆሎአችንን እየቆረጠምን፣ ከጣና ገና መውጣቱ የሆነውን ዓባይን እያየን እናመሻለን።

አንድ ቀን ጥቁር የለበሱ እናት ከሐውልቱ ሥር ቆመው ሲያለቅሱ አየሁ። ማንን እንዳጡ አልጠየቅኋቸውም። እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና በአጠገባቸው ወደሚያልፉት ሙሽሮች ዞረው «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው መረቋቸው። ሙሽሮቹም ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ። የመታሰቢያ ቦታ ለምን እንደሚሠራ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈለግሁም።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገባ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ማምሸት ቀረ፤ ሠርጉም ምርቃቱም በስጋት ሆነ። የናፈቀኝ ያ ጊዜ ነው፦ መንገዱ ሰላም ይሁን አይሁን ሳንጠይቅ፣ ከመሸ በኋላ እየተጫወትን ድልድዩን ተሻግረን የምንመለስበት።

ለወደቀ ሰው ሐውልት ማቆም ተገቢ ነው። ሌላ እናት ጥቁር እንዳትለብስ ማድረግ ግን ከዚያ የሚበልጥ መታሰቢያ ነው፤ ይህ ደግሞ ለሟቾቹ ካለብን ይልቅ በሕይወት ያለነው እርስ በርሳችን ያለብን ዕዳ ነው።