የአባቴ ኦቶሞቢል ሽያጭ

በኬራንዮ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ የአባቴን ኦቶሞቢል ያውቃት ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በአሜሪካ አገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 ዓመት የተሠራች፥ ከላይ ነጭ ከታች አረንጓዴ፥ የኋላዋ ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ ወደ ላይ የቆመ ሸቭሮሌ ቤል ኤር ናት። አባቴ ካረፉ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ በግቢያችን ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ፥ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞተሯን አስነሥቼ እስከ ኬራንዮ መድኃኔ ዓለም ደርሼ ከመመለስ በቀር ሌላ አገልግሎት አልነበራትም። ባለፈው ጥቅምት ሸጥናት። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም በዚያ ወር በቤታችን የተነሣው ክርክር በብዙ ቤት የሚነሣ መስሎ ስለ ታየኝ ነው።

የሽያጩ ምክንያት ቀላል አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመውበት ደሙን በመሣሪያ የሚያሳጥብ ሕመምተኛ ነው። ሐኪሞች በሳምንት ሦስት ጊዜ ይታጠብ ብለው አዘዋል፤ እኛ ግን ገንዘባችንን ቈጥረን ሁለት ጊዜ ብቻ እናሳጥበው ነበር። ሦስተኛው ቀን በጐደለ ጊዜ እግሩ ያብጣል፤ ሌሊትም ተጋድሞ መተንፈስ ስለሚቸግረው ተቀምጦ ያነጋል። እናቴም መቍጠሪያቸውን ይዘው አብረውት ያነጋሉ። ከቤቱ በቀር በግቢያችን ዋጋ ያለው ነገር ያች ኦቶሞቢል ብቻ ነበረች።

አባቴ በመንገድ ሥራ የቀያሽ ረዳት ሆነው ያገለገሉ ሰው ነበሩ። የገዟት በ1978 ዓ.ም. ሲሆን፥ በዚያ በደርግ ዘመን ቤንዚን በራሽን ይታደል ስለ ነበረ፥ ብዙ የምትጠጣ ትልቅ ኦቶሞቢል የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነበርና በርካሽ አገኟት። ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሯ መጠኑ 3.8 ሊትር ያህል ነው። በመጽሐፏ 140 የፈረስ ጕልበት አለው ተብሎ ተጽፏል፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርኋት እንግሊዝኛ ያን መጽሐፍ ለአባቴ ደጋግሜ አነብላቸው ነበርና አልረሳውም። ነገር ግን ይህ በባሕር ጠረፍ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው፤ ሞተሩም ከጕልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። አባቴም ይህን ዐውቀው ከቶ አያስቸኵሏትም ነበር። ቤንዚን የሚቀዳበት አፏ በግራ ክንፏ ጫፍ ባለው ብልጭልጭ ብረት ውስጥ የተሸሸገ ነውና፥ የማደያው ልጆች ሲያጡት ጊዜ ዙሪያዋን ሲዞሩ አባቴ በመስኮት ሆነው ዝም ብለው ይመለከቷቸው ነበር። ከዚያ የበለጠ የሚያስደስታቸው ጨዋታ አላየሁም።

ወደ አገራችን የገባችው በ1950 ዓ.ም. መሆኑን ከአሮጌው ሊብሬዋ አንብቤአለሁ። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚሄደው በመንገዱ ግራ ነበር፤ ወደ ቀኝ የተዛወረው በ1956 ዓ.ም. ነው። የእርሷ መሪ ግን ከመጀመሪያው በግራ በኩል ስለ ነበረ፥ ያ ትእዛዝ ለእርሷ ሲባል የወጣ ነው እያሉ አባቴ ይጫወቱ ነበር። ደግሞም ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. እዚሁ ኮልፌ በፖሊስ ሠፈር የውትድርና ትምህርት ሲማሩ በአጠገባቸው ሳታልፍ አትቀርም ይሉ ነበር፤ ማስረጃ ስለሌለው ግን እኔ የፍርድ ቤት ጸሓፊ እንደ መሆኔ አልመዘግበውም።

እንዲህ ሆና አንድ ነውር ነበረባት። በእርሷ ዘመን የተሠሩት ሸቭሮሌዎች የፍሬናቸው ዘይት የሚገፋው ከአንድ ዋና ሲሊንደር ነው፤ ስለዚህ ወደ አራቱ ጎማዎች ከሚሄደው ቱቦ አንዱ ቢያፈስ የአራቱም ኃይል ይጠፋል። ይህ ሲሊንደር ለሁለት ተከፍሎ፥ የፊቱ ቢያፈስ የኋላው እንዲይዝ የተደረገው በአውሮፓውያን ከ1967 ዓመት ወዲህ በተሠሩት ነው። የእኛይቱም ሁለት ጊዜ ከድታናለች። የመጀመሪያው በ1985 ዓ.ም. ነው። እንጦጦ ማርያምን ተሳልመን ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ አባቴ ፍሬኑን ቢረግጡት እግራቸው እስከ ወለሉ ወረደ። ድምፅ አላሰሙም፤ ማርሹን ወደ ሁለተኛ መልሰው፥ የእጅ ፍሬኑን ስበው፥ ጎኗን ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ግድግዳ ጋር እያሻሹ አቆሟት። እኔና ወንድሜ ከኋላ ነበርን። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ዝጎ ተበስቶ ኖሮ መካኒኩ በብየዳ ጠገነው። ሁለተኛው አምና በእኔ እጅ በአየር ጤና አጠገብ የደረሰ ነው፤ ሜዳ ስለ ነበረ ጕዳት አላመጣም። ያን ጊዜ የሲሊንደሩ ጎማ አልቆ ነበርና ከሌላ መኪና የተወሰደ ጎማ ተሞርዶ ገባበት። ይይዛል፤ እኔ ግን ልጆቼን ይዤባት ቍልቍለት አልወርድም ነበር።

ያረጀች ኦቶሞቢል ምን ዋጋ ታወጣለች የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ ኦቶሞቢሎች ላይ እጅግ የከበደ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት ኦቶሞቢሎች እንዳይገቡ መንግሥት ከለከለ። ስለዚህ ቀድሞ የገባና ሊብሬ ያለው ሁሉ ዋጋው ከፍ አለ፤ እንደ እርሷ ያለችው ደግሞ ለሰርግ ትፈለጋለች። ደላላው ዙሪያዋን ከተመለከተ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር ታወጣለች፤ ለዚህ እኔ አለሁ» አለኝ። ስለ ፍሬኑ በነገርሁት ጊዜ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ይህን ለሌላ ሰው እንዳይነግሩ። ገዢው ነድቶ ይሞክራታል፥ ትይዛለች፤ ከዚያ ወዲያ የእርስዎ ጕዳይ አይደለም» አለ።

ገዢው መጣ። ለሰርግ የሚያከራይ ትሑት ሰው ነው። መካኒክ ይዞ መጥቶ ሞተሩን አዳመጠ፥ ኮፈኑን ከፍቶ ካንዴላዎቹን አየ፥ እስከ ቤተል ነድቷት ተመለሰ። በስምንት መቶ ዘጠና ሺህ ብር ተስማማን። ውሉን ለማግስቱ ቀጠርን።

በዚያ ሌሊት ቤተ ሰቡ ተሰበሰበ። ታላቅ እኅቴ፥ «መካኒክ ይዞ መጥቶ አይቷል፤ ያላየው የእርሱ ጥፋት ነው። አንተ የምትናገራት አንዲት ቃል የወንድምህን ስንት ቀን እንደምትወስድ አስበሃል?» አለችኝ። እውነት ነው፥ አስቤ ነበር። እናቴ አልተናገሩም። ወንድሜ ትራሱን ተደግፎ ሲሰማ ቈይቶ፥ «ስለ እኔ ብለህ ውሸት እንድትናገር አልፈልግም። ነገር ግን አንተ ሕግ ታውቃለህና ንገረኝ፤ ዝም ማለት ውሸት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

የሕጉን መልስ ዐውቀዋለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ የዕቃውን ጕድለት በተንኰል ከሸሸገ፥ ኃላፊ አይደለሁም ብሎ በውል ያስጻፈው ቃል እንደማይጠቅመው ይናገራል። ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ እንዲህ ያለውን ክርክር በእጄ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ነገር ግን በዚያ ሌሊት ወደ አሳቤ የመጣው ሕጉ አልነበረም። በልጅነቴ የኔታ ዳዊት ሲያስደግሙን አንዲት ቃል ዘለን ብናልፍ፥ «የዘለልኸውም ተጽፏል» ይሉን ነበር። ለወንድሜ ይህን አልነገርሁትም፤ «ነው» ብቻ አልሁት። እርሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ። ተቈጥቶ እንደ ሆነ ወይም ደክሞት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በማግስቱ ገዢውን ከኦቶሞቢሏ ሥር አስተኝቼ የተበየደውን ቱቦ አሳየሁት፤ የእንጦጦውንም ነገር ነገርሁት። ሰውየው ልብሱን አራግፎ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በኋላ፥ «ጌታዬ፥ ሙሽራ የሚጫንባት ናት» አለና አንድ መቶ ኀምሳ ሺህ ብር እንድቀንስ ጠየቀኝ። በዋሽንግተን የምትኖር እኅት አለችው፤ የዚህች ኦቶሞቢል ዕቃ ሁሉ እስከ ዛሬ በአሜሪካ በአዲስ ይሠራልና፥ ሲሊንደሩንና ቱቦውን እርሷ ትልካለች። እኛም ይህን ልናደርግ እንችል ነበር የሚል ቢኖር፥ ዕቃው ተገዝቶ እስኪደርስ ወንድሜ መቈየት አይችልም ነበር ብዬ እመልሳለሁ። ቀነስሁለት።

ደላላው አሁንም አንድ ምክር ነበረው፤ የስም ማዛወሪያው ወጪ እንዲቀር በውክልና ብቻ እንድሰጠው። እዚህ ላይ እንኳ አላመነታሁም። ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም ተሽከርካሪው ላደረሰው ጕዳት ኃላፊ ነውና፥ በውክልና የሸጠ ሰው ከዓመታት በኋላ ላላየው አደጋ መጥሪያ ደርሶት እያለቀሰ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የወራሽነት ማስረጃውን ስናወጣም መዝገባችንን በራሴ እጅ ላለመንካት ለሥራ ባልደረባዬ ትቼ እንደ ማንኛውም ባለጕዳይ ተራዬን ጠብቄአለሁ። በሰነዶች ማረጋገጫ በቀረበውም ውል ላይ፥ ፍሬኑ ጕድለት እንዳለበት ገዢው ዐውቆ ገዝቷል የሚል አንቀጽ አስገባሁ።

እኅቴ ሁለት ሳምንት አላነጋገረችኝም። ወንድሜ አሁን በሳምንት ሦስት ጊዜ ይታጠባል፤ እብጠቱም ጐድሏል። ገንዘቡ እስከ የትኛው ወር እንደሚያደርሰን አስልቼ በወረቀት ጽፌአለሁ፤ ወረቀቱን ግን ለእናቴ አላሳየኋቸውም።

ባለፈው እሑድ ከእጥበት ስንመለስ አበባ የለበሰች ሸቭሮሌ ከፊታችን ስትሄድ አየናት። ወንድሜ ለታክሲው ነጂ፥ «እባክህ አትቅደማት» አለው። መንገዱ ወደ ቍልቍለት ሲደርስ ሁለታችንም ንግግራችንን አቆምን። የኋላ መብራቷ ቀላ፤ ቀስ አለች።

«ያዘች» አለ ወንድሜ።