ከወሰን እስከ መስቀል አደባባይ

የወሰን ልጆች የሚያውቁት በረዶ አንድ ብቻ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ከየካ ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ሲመጣ ቆርቆሮውን እየደበደበ የሚወርደው። ዝናቡ ጋብ ሲል በሣህን ለቅመው ለእናታቸው ያሳያሉ። እናትም «ጉንፋን ልታመጡብኝ ነው!» ብላ ትቆጣለች። በረዶ ገበያ ይጠራል ቢሏት እንደ ቀልድ ነው የምትሰማው።

ሆኖም ይህ የተደረገ ነገር ነው። በኒውዮርክ ከተማ በሮክፌለር ሕንፃዎች መካከል ዝቅ ብሎ በተሠራው አደባባይ ዙሪያ የነበሩት ሱቆች ገዢ ባጡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 በገና ሰሞን ለጊዜው ተብሎ የበረዶ መንሸራተቻ ተከፈተ። እንዲህ ባለው ሥፍራ ከሥር በተዘረጉ ቱቦዎች ውስጥ እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ሲያልፍ፣ ከላይ የተረጨው ውሃ ረግቶ በረዶ ይሆናል። መንገደኛው ተንሸራታቹን ለማየት ቆመ፤ የቆመ ሰው ደግሞ ትኩስ ነገር መጠጣቱ፣ ለልጁም አንድ ነገር መግዛቱ አይቀርም። ለጊዜው የተባለውም ቋሚ ሆኖ ቀረ።

በእኛ አገር ልጆች የሚንሸራተቱት በአስፋልት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም እንኳ፣ አገሩ ሲመጣ ጎማ በተገጠመለት ስኪ በመንገድ ላይ ይለማመድ ነበር።

የጎረቤቴ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ በወሰን ግሮሰሪ አካባቢ ቆሎና ሻይ ትሸጣለች። ልጅቱ ልጆች «ስኬቲንግ» የሚሉትን ባለጎማ ጫማ ከሰልባጅ አግኝታ፣ ከተራራው ወገን ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ትለማመድበታለች። መንገዱ ደግሞ የሚያበቃው ታክሲና የጭነት መኪና በሚተራመስበት የኮተቤ መንገድ ነው። «እሷ ስትወርድ እትዬ፣ የእኔም ሆድ አብሯት ይወርዳል» አለችኝ እናቷ። ስለዚህ አንድ እሑድ ሦስታችን ተያይዘን ወደ መስቀል አደባባይ ሄድን።

ላምበረትን አልፈን መገናኛ ደረስን፤ እዚያ ሌላ ታክሲ ይዘን በሃያ ሁለትና በኡራኤል በኩል ወረድን። ደርሶ መልስ የሦስት ሰው ሒሳብ ለቆሎ ሻጭ ቀላል አለመሆኑን ልብ ይሏል።

አደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ መኪና ማቆሚያው ከመሬት በታች ከገባ ወዲህ ሜዳው ለስላሳና ሰፊ ነው። መስከረም 16 ቀን ደመራ የሚበራበት፣ ማለዳ ሯጮች ደረጃውን የሚወጡ የሚወርዱበት ይኸው ሥፍራ ነው። በዚያ እሑድ ልጆች በጎማ ጫማ እየተያያዙ ይዞራሉ፤ ጫማ የሌለውም በሰዓት ይከራያል። ከአሥሩ ስምንቱ ወንዶች ነበሩ። የእኛይቱ መጀመሪያ አፍራ የእናቷን ነጠላ ይዛ ቆመች፤ ጥቂት ቆይታ ግን ለቀቀችው። አንድ ጊዜ ወደቀች፤ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ሄደች። እናትየው ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዙሪያውን ስትመለከት ቆየች። ጀበና የያዙ፣ ፎቶ የሚያነሡ፣ ውሃ የሚሸጡ ሁሉ ሥራ አላቸው። «ይህን ሁሉ ሰው ባገኝ እስከ እኩለ ቀን ቆሎዬ ባለቀ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሠፈሬ ሩቅ» አለችኝ።

ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ የአዲስ አበባ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለልጆች ሲለቀቁ ማሽንም ቱቦም አላስፈለገም። እንዲያው ከሆነ ወሰን ውስጥ ከአንድ መስቀለኛ እስከ ሌላው ያለውን፣ ሜዳማውን የውስጥ መንገድ በበጋ እሑዶች ለግማሽ ቀን መዝጋት ምን ይከብዳል? ገመድና ሁለት ሽማግሌ ይበቃል። ክረምት ሲገባ አስፋልቱ ስለሚርስ ይቀራል፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚያው ወራት መሆኑ ግን ያሳዝናል። የሠፈሩ ሴቶችም ጀበናቸውንና ሰፌዳቸውን ይዘው ደጃቸው ላይ ይሸጣሉ፤ የታክሲው ገንዘብ ኪሳቸው ይቀራል።

ማታ ስንመለስ ከተራራው የማገዶ እንጨት በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን ይወርዱ ነበር። ልጅቱ ጫማዋን በማሰሪያው አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆመችና አሳለፈቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እትዬ፣ ገመዱ የሚታሰረው የት ነው?» አለችኝ። እናቷ ቀድማኝ የመብራቱን ምሰሶ በእጇ አሳየቻት።